የወር አበባ ቁርጠትና ኪኒኑ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከጎንደርና ከዙሪያዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ለወር አበባ ቁርጠት ስለሚወሰዱት ፀረ ብግነት ማስታገሻዎች። ኢቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ፣ ናፕሮክሲን፣ ሜፌናሚክ አሲድና ኢንዶሜታሲን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ፓራሲታሞል ከቤተሰቡ ውጭ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ከታች ደጋግመን እንመለስበታለን።

ከማራኪ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

*ዕድሜዬ 20 ነው። የወር አበባዬ የመጣ ዕለት ክፍል መግባት አልችልም። ዲክሎፌናክ 50 ስወስድ ይሻለኛል፣ ግን ጨጓራዬን ያቃጥለኛል። እናቴ ደግሞ “ኩላሊትሽን ይጨርሰዋል፤ ሰውነትሽም ይለምደውና ኋላ አይሠራልሽም” ትለኛለች። ልተወው ወይስ ልቀጥል?*

ማስታገሻውን አትተዪ፣ አወሳሰድሽን ግን ለውጪ። ምክንያቱን ለመረዳት ሕመሙ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል። የወር አበባ ሊመጣ ሲል የማህፀን የውስጥ ሽፋን ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያመርታል። ይህ ንጥረ ነገር የማህፀኑን ጡንቻ ጭምድድ ያደርገዋል፤ ጡንቻው ሲጨማደድ የራሱን የደም ስሮች ይጫናል፤ ደም ያጠረው ጡንቻ ደግሞ ይቆርጣል። ወደ ደም የሚያልፈው ፕሮስታግላንዲን ማቅለሽለሹን፣ ተቅማጡንና ራስ ምታቱን ያስከትላል። ፀረ ብግነት መድኃኒት የዚህን ንጥረ ነገር ምርት ያቆማል፤ ቀድሞ የተመረተውን ግን አያጠፋም። ስለዚህ ቁርጠቱ ጣራ ከነካ በኋላ የተዋጠ ኪኒን ሁለትና ሦስት ሰዓት ሲያስጠብቅ፣ ገና ሲያጉረመርም የተዋጠው ብዙ ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። “አይሠራልኝም” ከሚሉት ብዙዎቹ መድኃኒቱን የሚወስዱት ዘግይተው ነው።

ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ያው ፕሮስታግላንዲን ጨጓራ ላይ ሲሆን ጠባቂ ነው፤ አሲዱን የሚችለው ዝልግልግ ሽፋን እንዲመረት ያደርጋል። ኩላሊትም ፈሳሽ ሲያጥረው የደም ስሩን ክፍት የሚያደርግለት እሱ ነው። መድኃኒቱ ማህፀኑንና ጨጓራውን ለይቶ አያውቅም። እንግሊዛዊው ጆን ቬን አስፕሪን በዚህ መንገድ እንደሚሠራ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነበር፤ በ1982 ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል።

እንግዲህ ሚዛኑ ላይ የሚቀመጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የመድኃኒቱ መጠን፣ የሚወሰድበት ቀን ብዛትና የአንቺ ጤንነት። ሌላ ሕመም የሌለባት የ20 ዓመት ወጣት በወር ሁለት ወይም ሦስት ቀን በልኩ ብትወስድ ከባድ ጉዳት የሚደርስባት እምብዛም ነው። በአንቺ ቦታ የምንመርጠው ኢቡፕሮፌን ነው፤ በአነስተኛ መጠን ሲወሰድ ከቤተሰቡ ሁሉ ለጨጓራ የሚሻለው እሱ ነውና። አንድ ፍሬ 400 ሚሊግራም ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ትወስጃለሽ። የቀኑ ጣሪያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ 1200 ሚሊግራም ነው፤ ማለትም ባለ 400ው ሦስት፣ ባለ 200ው ስድስት ፍሬ። የመጀመሪያውን ቀን በሰዓቱ ውሰጂ፤ ሁለተኛውን ቀን ካስፈለገሽ ብቻ። ከሦስት ቀን አታሳልፊ። የወር አበባሽ ቀን የማያዛባ ከሆነና እርግዝና እንደሌለ እርግጠኛ ከሆንሽ፣ ደም እስኪታይ ሳትጠብቂ ወገብሽ ሲከብድሽ መጀመር ትችያለሽ።

ዲክሎፌናኩ ይሻለኛል የምትዪ ከሆነ 50 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ወይም ሦስቴ ነው፤ ከ150 እንዳያልፍ። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ኪኒን አንጀት ሲደርስ የሚፈታ ልባስ ስላለው አትስበሪው፣ አታኝኪውም። ልባሱ ሥራውንም ያዘገየዋል፤ በደም ውስጥ ጫፍ የሚደርሰው ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ስለሆነ ቀደም ብለሽ መዋጥ አለብሽ። የትኛውንም ኪኒን በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ዋጪ፤ ውጠሽ ወዲያው አልጋ ላይ አትዘርጊ። በጉንጭ ውኃ ተውጦ ጉሮሮ ላይ የቀረ ኪኒን የምግብ ቧንቧን ይልጠዋል፤ “ደረቴን አቃጠለኝ” የሚባለው አንዳንዴ ይሄው ነው።

ለእናትሽ ሥጋት፦ ይህ መድኃኒት ሱስ አያስይዝም፤ ሰውነትም አይለምደውም። ሱስ የሚያስይዘው ትራማዶል ነው፤ እሱ ለወር አበባ የመጀመሪያ ምርጫ ሆኖ መሰጠት የለበትም። ቀድሞ ይሠራ የነበረው ማስታገሻ እየደከመ ከመጣ ወይ ዘግይተሽ እየወሰድሽ ነው፣ ወይ ማህፀኑ ላይ ሌላ ሕመም አለ። ኩላሊትን በተመለከተ እናትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ሰውነት ውኃ ሲያጥረው አደጋው እውነት ነው። ስታስመልሺና ስታስቀምጪ ውለሽ ምንም ሳትጠጪ ኪኒን አትደራርቢ።

ሦስት ወር በማስታወሻ ደብተር መዝግቢ። እንዲህ ይበቃል፦ “ጥቅምት 12፣ ጠዋት 12፡30፣ 400፣ ከቁርስ ጋር፣ ሕመም ከአስር 8፤ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሕመም 3፤ ማቃጠል የለም።” ሐኪም ቤት ብትሄጂ “አንዳንዴ ያመኛል፣ አንዳንዴ ይሻለኛል” ከሚለው ይልቅ ይህች ወረቀት ትበልጣለች።

ከፒያሳ፣ የቤት እመቤት

*በሁዳዴ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እጾማለሁ። ቁርጠቱ የሚነሳብኝ ጠዋት ነው። በባዶ ሆድ ብወስድ ጨጓራዬን ይበሳዋል ይላሉ፤ ከአምስት ዓመት በፊት ጨጓራ ታምሜ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኝቶብኝ ነበር። ወተት ደግሞ በጾም አይሆንም። ምን ይሻላል?*

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ እምነት እናርም። ምግብ ማቃጠሉንና ማቅለሽለሹን ይቀንሳል እንጂ ከቁስል አይከላከልም። ቁስሉን የሚያመጣው በዋናነት ኪኒኑ ጨጓራውን መንካቱ አይደለም፤ በደም ዞሮ ጠባቂውን ንጥረ ነገር ማሳጣቱ ነው። ስለዚህ ወተትም ቢጠጡ ማርከሻ አይሆንም። በዚህም ምክንያት ጨጓራ ታማ የማታውቅ ሴት አንዲት ፍሬ ኢቡፕሮፌን በባዶ ሆድ በውኃ ብትወስድ ጨጓራዋ አይበሳም፤ እንዲያውም ቶሎ ይሠራላታል።

የእርስዎ ግን ይለያል፤ ቀድሞ ጨጓራ ታመዋል። ያኔ መድኃኒቱን ጨርሰው ባክቴሪያው መጥፋቱ በምርመራ ተረጋግጦ ነበር? ካልተረጋገጠ ከጾሙ በፊት የሰገራ ምርመራ ያሠሩ። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል እየወሰዱ ከሆነ ከምርመራው ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ያቁሙ፤ ፀረ ባክቴሪያ ወስደው ከሆነ አራት ሳምንት ይለፍ። አለበለዚያ ውጤቱ “የለም” ብሎ ያታልላል። ባክቴሪያውና ፀረ ብግነቱ ሲገናኙ የቁስል ዕድሉ ከእያንዳንዳቸው ይብሳል።

ባክቴሪያው ከጠፋና ቁስል ኖሮዎት የማያውቅ ከሆነ፣ ሐኪምዎ ሲስማማ ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም የወር አበባው ከመምጣቱ አንድ ሁለት ቀን በፊት ጀምረው በየቀኑ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ይውሰዱ። ሲያቃጥል ብቻ የሚዋጥ ኦሜፕራዞል ብዙም አይረዳም፤ ሥራውን ለማጠናከር ቀናት ይፈልጋል። ቁስል ደምቶብዎት የሚያውቅ ከሆነ ግን ፀረ ብግነት ይቅርብዎት፤ በፓራሲታሞልና በሙቀት ይያዙት፣ ወይም ከታች የምናነሳውን የእርግዝና መከላከያ አማራጭ ከሐኪም ጋር ይነጋገሩበት።

ጾሙን በተመለከተ ኪኒንም ውኃም የሚፈቀድበትን ሁኔታ የሚነግርዎት የንስሐ አባትዎ ናቸው፤ ሕመምዎን ሳይደብቁ ያስረዷቸው። ከተፈቀደልዎ አንድ ኩባያ በሶ በውኃ በጥብጠው ወይም ቀጠን ያለ አጥሚት ጠጥተው ይዋጡት፤ ሁለቱም የጾም ናቸው። ሙስሊም እህቶቻችን በወር አበባ ቀናት ስለማይጾሙ በረመዳን ይህ ጥያቄ አይነሳባቸውም። በነገራችን ላይ በጾም ከሰዓት በኋላ የሚሰማው ማቃጠል ሁሉ የኪኒኑ ጥፋት አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶውን የዋለ ሆድ በበርበሬ ወጥና በቡና ሲከፈት ያለ ኪኒንም ያቃጥላል። ቢያንስ በእነዚያ ሁለት ቀናት አልጫ ይሁን።

ይህ ከታየ ግን ጾም ሳይሆን ሆስፒታል ነው የሚታሰበው፦ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ሰገራ፣ የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፣ ሲነሱ ዓይን ማጨለም፣ እንደ ጩቤ የሚወጋ የላይኛው ሆድ ሕመም። የደም ማነስ ኪኒን፣ ማለትም አይረን፣ የሚወስዱ ከሆነ ሰገራ በእሱም ይጠቁራል፤ የአይረኑ ግን እንደ ሬንጅ አያጣብቅም። ከተጠራጠሩ ይመርመሩ።

ከአዘዞ

*ኪኒኑ ጨጓራዬን ስለሚያሳምመኝ በየወሩ ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ሄጄ የዲክሎፌናክ መርፌ እወጋለሁ። ወዲያው ይለቀኛል። ጨጓራ ስለማይነካ ይሻላል አይደል?*

አይሻልም። ጉዳቱ በደም በኩል እንደሚመጣ ከላይ አይተናል፤ በመርፌ ገባ በኪኒን፣ ወይም በፊንጢጣ በሚገባው ሞላላ መድኃኒት፣ ለጨጓራው አደጋ ያው ነው። መርፌው የሚበልጠው በፍጥነት ብቻ ነው፤ በ20 ደቂቃ ገደማ ጫፍ ላይ ይደርሳል። ለዚያች ፍጥነት የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ ቀላል አይደለም፦ የተወጋው ቦታ ሊመግል ይችላል፣ ጡንቻው ሊሞት ይችላል፣ መርፌው ቦታውን ከሳተ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ሊጎዳና እግር ሊያነክስ ይችላል። መጠኑም 75 ሚሊግራም ነው፤ ከአንድ ተኩል ኪኒን ጋር እኩል። ጠዋት ኪኒን ውጠሽ፣ ረፋድ ላይ ተወግተሽ፣ ማታ “ለመጠባበቂያ” ሌላ ኪኒን ከወሰድሽ 175 ሚሊግራም ሆነ ማለት ነው፤ የቀኑን 150 ጣሪያ አለፍሽ።

ትውከት በዝቶብሽ ምንም በአፍ የማይገባልሽ ዕለት መርፌ ትርጉም አለው። በየወሩ መወጋት ግን የወር አበባሽ ሕመም በሐኪም መታየት እንዳለበት ይጠቁማል። በቀዳሚነት ኢቡፕሮፌን 400ን ቀደም ብለሽ፣ ሁለትና ሦስት ወር በተከታታይ ሞክሪ። ከቤተሰቡ አንዱ ያልተስማማት ሴት ሌላው ሊስማማት ስለሚችል፣ ሁለት ዓይነት ሳይሞከር “ለእኔ አይሆንም” ማለት ይቸኩላል። ሁለቱን በአንድ ቀን መደራረብ ግን በፍጹም አይሆንም።

ከአራዳ፣ እናት

*ልጄ 14 ዓመቷ ነው። የወር አበባ ካየች ዓመት አልፏታል፤ አሁን አሁን እያመማት ከትምህርት ትቀራለች። በዚህ ዕድሜ ኪኒን ማስጀመር እፈራለሁ። ዘመዶቼም “ስትወልድ ይተዋታል፣ ትቻለው” ይላሉ።*

እናታችን፣ እስክትወልድ ድረስ በየወሩ ከትምህርት ትቅር ማለት ነው? ዕድሜዋ ከ12 በላይ ስለሆነና ሌላ ሕመም ከሌለባት ኢቡፕሮፌን ትችላለች። በ200 ሚሊግራም ጀምሩላት፤ ካልበቃት 400፣ በቀን ቢበዛ ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ ጋር። አስፕሪን ግን አይስጧት፤ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይመከርም። ሕመሙ የጀመረው ካየች ከወራት በኋላ መሆኑም አያስደነግጥም፤ ዕንቁላል መልቀቅ ሲጀምር ነው ቁርጠቱ የሚመጣው። ኪኒኑን አንድ ሁለት ፍሬ ስሙ ከተጻፈበት ማሸጊያው ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ያድርጉላት፤ ቁርጠቱ ክፍል ውስጥ ቢጀምራት ቤት እስክትደርስ መጠበቅ የለባትም። ሦስት ወር በልኩ ወስዳ ካልተሻላት ወይም የወር አበባው ሳይኖርም ካመማት ሐኪም ይያት።

ከአራዳ፣ የ43 ዓመት ሠራተኛ

*ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እወስዳለሁ። ቀድሞ የወር አበባ አያመኝም ነበር፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ደሙም በዝቷል፣ ሕመሙም በርትቷል። ጎረቤቴ ዲክሎፌናክ ሰጠችኝ፤ ተሻለኝ። ልቀጥልበት?*

በዚህ ዓምድ “ይቁም” ብለን በቀጥታ የምንመልሰው ለእርስዎ ነው። ኩላሊትን እንደ መስኖ ወንፊት ይዩት። ፀረ ብግነቱ ወደ ወንፊቱ የሚገባውን ቦይ ያጠብባል፤ ኢናላፕሪል የሚወጣበትን ያሰፋል፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ወንዙን ራሱን ያጎድላል። ሦስቱ ሲገናኙ በወንፊቱ ላይ ግፊት ይጠፋና ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል። በዚያ ላይ ፀረ ብግነቶች ጨውና ውኃ ስለሚይዙ የደም ግፊቱን ራሱን ከፍ ያደርጋሉ፤ መድኃኒቱ “ሳይሠራ” ይቀራል። ዲክሎፌናክ በተለይ ለልብ አይመችም፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 የልብ ድካም፣ የልብ ደም ስር ጥበት ወይም ስትሮክ ያለበት ሰው እንዳይወስደው ወስኗል። በ2015 ደግሞ በቀን 2400 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ለሚወሰድ ኢቡፕሮፌን ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። እስከ 1200 በሚወሰደው ላይ ያ ጭማሪ አልታየም።

ለጊዜው ፓራሲታሞል 500 ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ይውሰዱ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ አይለፍ፤ ጉበት የታመመ ወይም አረቄ የሚያዘወትር ከሆነ ከዚያም ማነስ አለበት።

ግን የእርስዎ ዋናው ጥያቄ ኪኒኑ አይደለም። በ43 ዓመት አዲስ የመጣ ቁርጠትና የበዛ ደም የማህፀን ዕጢ ወይም ሌላ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል ማስታገሻ መሸፈን የለበትም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የማህፀንና ጽንስ ክፍል ይታዩ፤ አልትራሳውንድና የደም መጠን ምርመራ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ዕድሜዋ ምንም ይሁን፣ ሕመሟ ከወር ወር እየባሰ የሚሄድ፣ በግንኙነት ጊዜ የሚያማት፣ ትኩሳት ወይም ሽታ ያለው ፈሳሽ ያላት፣ ሉፕ ካስገባች ወዲህ የጀመራት ሴትም እንዲሁ ትታይ።

ሌሎች አንባቢዎችም ከሚከተሉት አንዱን የምትወስዱ ከሆነ ፀረ ብግነት ከመጀመራችሁ በፊት ለፋርማሲስቱ ንገሩ፦ ዋርፋሪን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ፍሉኦክሲቲን፣ ሊቲየም፣ ሜቶትሬክሴት፣ ወይም ቴኖፎቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሰውም አፍሮ አይናገረውም። ለፋርማሲስቱ ዝቅ ባለ ድምፅ ወይም ስሙን በወረቀት ጽፎ መስጠት ይቻላል።

ከቅዳሜ ገበያ፣ ባለ ሱቅ

*ሱቄ ውስጥ አድቪል እሸጣለሁ። ሴቶች “ለወር አበባ” ብለው ይጠይቁኛል። ስንት ልስጣቸው?*

ወንድማችን፣ በግልጽ እንነጋገር፤ መድኃኒት ቦታው ፋርማሲ ነው። መልሳችንም “ወደ ፋርማሲ ሂጂ በያት” ነው። ምክንያቱ ቢሮክራሲ አይደለም። አድቪል ኢቡፕሮፌን 200 ሚሊግራም ነው። ልጅቷ ቤቷ ዲክሎፌናክ ውጣ መጥታ ካንተ ሁለት አድቪል ብትጨምርበት፣ ስማቸው ይለያይ እንጂ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒት ደረበች፤ ሕመሙን የሚያስታግሰው ብዙም አይጨምርም፣ ለጨጓራው ግን አደጋው ይደረባል። ያየነው ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ከሱቅ አንድ፣ ከጎረቤት አንድ፣ ከክሊኒክ አንድ። በዚያ ላይ “ፒኤም” የሚል የተጻፈበት አድቪል እንቅልፍ የሚያስወስድ ሌላ መድኃኒት ተቀላቅሎበታል፤ ጠዋት ውጣ ፈተና የምትገባ ልጅ ልታንቀላፋ ትችላለች። ከጠርሙስ በፍሬ እየተቆጠረ በወረቀት የሚጠቀለል ኪኒን ደግሞ ስሙም፣ መጠኑም፣ ጊዜው የሚያልፍበት ቀንም አብሮት አይሄድም።

ከጠዳ

*አስም አለብኝ። ኢቡፕሮፌን ይከለክላል?*

አስም ያለበትን ሁሉ አይከለክልም። አስፕሪን ወይም ከዚህ ቤተሰብ አንዱን ወስደሽ ትንፋሽሽ ካጠረ፣ ፊትሽ ካበጠ ወይም ሽፍታ ከወጣብሽ ሁሉንም ተዪ፤ ዲክሎፌናኩንም፣ መርፌውንም። አፍንጫሽ ውስጥ ሥጋ የሚያበቅል ከሆነም እንዲሁ። ከዚህ በፊት ያለ ችግር ወስደሽ የምታውቂ ከሆነ መቀጠል ትችያለሽ። ወስደሽ ካላወቅሽ ግን የመጀመሪያዋን ፍሬ ብቻሽን ሆነሽ፣ በሌሊት፣ የሚነፋው መድኃኒት ሳይኖርሽ አትሞክሪ፤ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪ።

ከቆላ ድባ

*ካገባሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ልጅ እየጠበቅን ነው። በየወሩ ለቁርጠት ኢቡፕሮፌን እወስዳለሁ። “መካን ያደርጋል” አሉኝ። እውነት ነው?*

መካን አያደርግም። ወሬው ግን ጥቂት መነሻ አለው። ዕንቁላል ከከረጢቱ ወጥቶ እንዲለቀቅ ፕሮስታግላንዲን ያስፈልጋል። በወሩ አጋማሽ፣ ዕንቁላል በሚለቀቅበት ሰሞን፣ ለወገብ ወይም ለራስ ምታት ተብሎ ለቀናት ከተወሰደ የዚያን ወር ዕንቁላል ሊያዘገይ ይችላል፤ መድኃኒቱ ሲቆም ይስተካከላል። የወር አበባሽ በሚፈስበት ሁለት ቀን የምትወስጂው ይህን አይነካም። ስለዚህ በወሩ አጋማሽ ለሚመጣ ሕመም ፓራሲታሞል ይበቃሻል።

ከሁሉ በላይ ይህን ጠብቂ፦ ልጅ የምትጠብቂ ሴት ደሙ ሳይመጣ “ሊመጣ ነው” ብለሽ ኪኒን አትጀምሪ። ቀኑ ካለፈ መጀመሪያ የሽንት ምርመራ ይሁን። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳስታወቀው ፀረ ብግነት መድኃኒት ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት ጀምሮ የጽንሱን ኩላሊት አዳክሞ የሽርት ውኃውን ሊያሳንስ ይችላል፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ የጽንሱን የልብ ቧንቧ ያለ ጊዜው ሊዘጋ ይችላል። ቀኑ ካለፈ በኋላ በአንድ ጎን የሚወጋ ሕመምና ትንሽ ደም ከመጣ ያ የወር አበባ ላይሆን ይችላል፤ ከማህፀን ውጭ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ ይኖርብሻል።

ሁለት ዓመት መጠበቃችሁና ቁርጠቱ አብረው ከመጡ ሌላ ጉዳይም አለ፤ የማህፀን ሽፋን የመሰለ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ የሚበቅልበት ኢንዶሜትሪዮሲስ ሁለቱንም ያመጣል። ባለቤትሽን ይዘሽ አብራችሁ ተመርመሩ። ልጅ ለጊዜው የማይፈልጉ አንባቢዎች ደግሞ ኪኒን አልሠራላቸው ወይም ተከልክለው ከሆነ፣ የየዕለቱ የእርግዝና መከላከያ እንክብል የማህፀኑን ሽፋን ስለሚያሳሳ ሕመሙን ከምንጩ ይቀንሰዋል፤ በጤና ጣቢያ ተጠይቆ ይሰጣል። ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብልጭታ ጋር የሚመጣባት፣ ግፊት ያለባት፣ ወይም እግሯ ላይ ደም ረግቶ የሚያውቅ ሴት ግን ሳትነግር አትውሰድ።

ሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ከምትወርድ አንባቢ

*እዚያ ሙቀቱ ከባድ ነው። ቁርጠቱ ሲነሳ ሁለት ዲክሎፌናክ ውጬ እውላለሁ። ችግር አለው?*

አለው። ሙሉ ቀን በላብ ውኃውን የጨረሰ ሰውነት ላይ ነው ኩላሊት ፕሮስታግላንዲኑን አጥብቆ የሚፈልገው፤ ሁለት ዲክሎፌናክ ደግሞ በአንድ ጊዜ ይቀማዋል። ሽንትሽ እንደ ሻይ ከጠቆረ ወይም ከጠዋት ጀምሮ ካልሸናሽ ኪኒኑን አትውሰጂ፤ መጀመሪያ ውኃ፣ ካለም በአንድ ሊትር የሚበጠበጠውን ኦአርኤስ ጠጪ። ሽንትሽ ሲነጣ አንዲት ፍሬ ውሰጂ፣ ጥላ ሥር ዕረፊ። ትኩሳት ካለው ቁርጠት ነው ብለሽ አትለፊው፤ የወባ ምርመራ አድርጊ። ማስታገሻ ትኩሳቱን አውርዶ ወባውን ሊደብቅብሽ ይችላል።

ከፒያሳ፣ አጭር ጥያቄ

*ያለ ኪኒን የሚሠራ ነገር የለም?*

አለ፤ ዋናው ሙቀት ነው። በጥናቶች ታችኛው ሆድ ላይ በ40 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት የተያዘ ሙቀት ከኢቡፕሮፌን ጋር ተቀራራቢ ማስታገሻ ሰጥቷል፤ ከኪኒኑ ጋር ሲደመር ደግሞ ቶሎ ያስታግሳል። ዝንጅብልም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሲወሰድ ይረዳል፤ በደረቅ ዱቄቱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል በሻይ አፍልተሽ በቀን ሁለቴ፣ የጨጓራ ማቃጠል ከሌለብሽ። ጤና አዳም በቡና ላይ አንድ ቅጠል ጣል ማድረግ ምንም አይል፤ ጭማቂውን በብርጭቆ መጠጣት ግን፣ በተለይ እርግዝና ከተጠረጠረ፣ ይቅር።

ለሙቀቱ የጎማ መያዣ ከሌለሽ ሃይላንዱ ይበቃል። የፈላ ውኃ አትጨምሪበት፤ ላስቲኩ ይኮማተርና ክዳኑ ይላቀቃል፣ ጭንሽንም ያቃጥልሻል። ከፈላው ሁለት እጅ፣ ከቀዝቃዛው አንድ እጅ ደባልቀሽ ሦስት አራተኛውን ሙዪ፤ አየሩን ጨፍልቀሽ አውጥተሽ ክደኚው። በፎጣ ወይም በታጠፈ ነጠላ ጠቅልለሽ ከእምብርትሽ በታች አድርጊው። 20 ደቂቃ ይዘሽ ቆዳሽን እዪ፤ መልኩ እንደ መረብ ከቀላ ሙቀቱ በዝቷል፣ ፎጣውን ወይም ነጠላውን አንድ እጥፍ ጨምሪበት።